ከቤቴ እስከ ዳቦ ቤቱ

የሐረርን በሮች፣ የጀጎልን ዙሪያ፣
አክሱም ላይ የቆመ፣ የወደቀውንም
ሁሉን አንስቻለሁ።
ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር ላይ አድጌ
የጎንደርን ደጅ ግን እንደ እንግዳ አልፋለሁ።

ዘንድሮ ዕረፍቴ ከመንገድ ላይ ቀረ፤
ላሊበላ ልሄድ የቆረጥኩት ትኬት
«መኪናው አይወጣም» ተብሎ ተሻረ።
አምስት ቀን በእጄ ላይ፣ ሻንጣዬ ተሸክፎ፣
ካሜራው ካንገቴ እንደ ክታብ ታስሮ፣
«ምናለበት» አልኩኝ፣ «እንግዲህ ብጓዝስ
ከቤቴ እስከ ዳቦ ቤቱ ዘንድሮ?»

ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ነው።
ቆጥሬው አላውቅም ነበር።
የሚቆጥር መንገደኛ ነው እንጂ
የሰፈር ልጅ ምኑን ይቆጥር?

የመጀመሪያው ቀን ከአጥራችን ሳልርቅ አለቀ።
ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ
በጥቁሩ ድንጋይ መሃል አንድ ቀይ አለ፣
ጠርዙ የተጠረበ፣ እንደ ቅስት የጎበጠ።
የግንቡ መስኮቶች እንዲህ ያለ ቀይ ከንፈር አላቸው።
አባቴን ጠየቅሁት።
«እንጃ» አለ፣ «እኔም ስወለድ እዚያው ነበር።»
አባቱም እንዲሁ ሳይሉ አይቀሩም።
ድንጋይ ሲሰደድ መታወቂያ አይዝም።

በማግስቱ አስፋልቱን ተሻገርኩ።
ማዶ የጣልያን ቤት አለ፣
ሰገነቱ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተነፋ፣
ቢጫ ቀለሙ በየክረምቱ ዝናብ ታጥቦ የጠፋ።
ከሥሩ ጋሽ ድልነሳው በሲንጀር መኪናው ይሰፋል።
ፀሐይ ካንገረብ በኩል ወጥታ ከፍ ስትል
እሱ ሱሪ ያሳጥራል፣
እሷ ጥላ ታሳጥራለች።

ጎንበስ አልኩ፣ ተንጋለልኩ፣
በኩሬ ውኃ ውስጥ የተገለበጠውን ቤት ሳይቀር አነሳሁ።
አንዲት ሴት ከነዘንቢሏ ቆማ
«ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» አለችኝ።
«ምንም፣ እትዬ። እያየሁ ነው።»
«ይኼን ሰፈር?» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ጋሽ ድልነሳው ጠራኝ።
«ና እስቲ አሳየኝ፣
ምን አለ እላዬ ላይ እንዲህ ያንጋጠጠህ?»
አሳየሁት፦
ከስሚንቶ የተሠራ የአበባ ጉንጉን፣
በጉንጉኑ መሃል የእርግብ ጎጆ፣
ከጎጆው ሥር እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ።
መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ።
«ሠላሳ አንድ ዓመት ጥላውን ለበስኩት፣
ስፌቱን ግን» አለ፣ «ገና ዛሬ አየሁት።»
ትንሽ ቆይቶ፦ «እሱም ተተርትሯል።»

ከዚያ ሜትሩን ካንገቱ አወረደ፣
ወንበር ላይ ወጣ፣ ወገቡን ደገፍኩት፣
እንደ ሱሪ ቁመት ስንጥቁን ለካው።
«አርባ ሁለት» አለ።
በልብስ ጠመኔውም ከግድግዳው ላይ
ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፈው።
«ለምን?» ብለው፣
«ደንበኛ ነዋ! ለከርሞ ወፍሮ እንደሁ አያለሁ።»
ወርዶ መኪናውን ሁለት ስንዝር ወደ ግራ ገፋ፣
ብዙም አልራቀም፣
ጥላው እንዳይጠፋ።

ሦስተኛው ቀን ዘነበ። አራተኛውም ዘነበ።
መጋረጃ ገልጬ የጎረቤቱን ቆርቆሮ አነሳሁ፤
ዝገቱ ካርታ ነው፣ ወንዝ አለው፣ ድንበር አለው፣
ማንም ያልተጣላበት ድንበር።

በአምስተኛው ቀን፣ ብርሃኑ ወደ ቀሃ ሲያዘነብል፣
ዳቦ ቤቱ ደረስኩ።
ዳቦው አልቋል። ልጁ በሩን እየዘጋ ነበር።
የበሩን እጀታ አነሳሁት፣
በእጅ ብዛት ሟሙቶ የሳሙና ቅሬታ መስሏል።

ማታ አልጋዬ ላይ ሁሉንም አየኋቸው፣
ሁለት መቶ አሥር ናቸው።
ግንቡ ያለበት አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ሳላስበው፦
ከጋሽ ድልነሳው ጆሮ ኋላ፣
በመብራት ሽቦ ተቆርጦ፣
የነገሥታቱ ግንብ የጣት ቆብ አክሎ ቆሟል።
ደብዝዟል።
ጥርት ብሎ የሚታየው ሜትሩ ነው፣
አርባ ሁለት ላይ የተጫነው አውራ ጣት።